አላልቼ ያነበብኩት ቃል

በዚህ ነገር ውስጥ ያለን ሰዎች አምስት ነን። ስም አልጽፍም፤ ሰፈራችን ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ነው።

የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ የጭነት መኪና ሹፌር። ከወሎ ወጥቼ አቃቂ የገባሁት ጢም ሳላበቅል ነው፤ አሁን ጢሜ ሸብቷል። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አላት፤ እስረኛ ሊጠይቁ ለሚመጡ ሰዎች ሳሙና፣ ብርቱካን፣ ለስላሳና የሞባይል ካርድ ትሸጣለች። ሦስተኛዋ የመጨረሻ ልጃችን ናት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። አራተኛዋ የልጄ የአማርኛ መምህርት ናት፤ ገና ወጣት ናት፣ ግን ስትናገር ተማሪ ዝም ይላል። አምስተኛው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ የሚኖረው ጎረቤቴ ነው። የማረሚያ ቤት ጥበቃ ነው፤ ልጁም ከእኔ ልጅ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ትማራለች። ሥራው ላይ ዝምተኛ ነው ይሉታል። ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ግን ቀልዱ ማቆሚያ የለውም።

ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም። ረዳት ሆኜ መኪና ላይ ስወጣ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ሹፌሩ «ከፊት ያለው ሰሌዳ ምን ይላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መመለስ አቅቶኝ ወደ ጎን ዞር ያልኩትን ዛሬም አልረሳሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ዳር የተጻፈውን ሁሉ እያየሁ፣ ያገኘሁትን ሰው እየጠየቅሁ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እያስተያየሁ ተማርኩ። ቁም። ቀስ በል። ድልድዩ ጠባብ ነው። ምግብ ቤት። ጎማ ይጠገናል። መጽሐፎቼ እነዚህ ነበሩ።

ስለ ቃል ያለኝ እምነትም ከመንገድ የመጣ ነው። አንድ ሰሌዳ የሚለው አንድ ነገር ነው። «ቁም» የሚል ሰሌዳ ለአንዱ ቁም፣ ለሌላው ሂድ ቢል ሰው ይሞታል። ጽሑፍ ማለት ለእኔ እንዲህ ነው፤ የሚለውን ይበልና ዝም ይበል።

ደግሞ ሳነብ ድምፅ አላወጣም ነበር። ፊደል ለመለየት ስታገል በነበረበት ጊዜ ሌሎች ረዳቶች ከንፈሬን እያዩ ይስቁብኝ ነበር። ስለዚህ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ አንድ ገጽ መጨረስ የቻልኩ ዕለት ነው ሰው ሆንኩ ያልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ አንብቤአለሁ። ጋዜጣ አንብቤአለሁ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ አንብቤአለሁ፣ ታሪክ አንብቤአለሁ፣ ስለ ሞተር የተጻፈ ካገኘሁ ሽፋኑ እስኪላጥ አነባለሁ። ልጆቼንም ያሳደግኳቸው አንብቡ እያልኩ ነው። ሳያነብ የሚያድግ ልጅ የራሱ መሪ ጨባጭ አይሆንም፤ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ተሳፋሪ ነው።

ግጥም ግን አልወድም ነበር። የግጥም መጽሐፍ ስገልጥ የገጹ ግማሽ ባዶ ነው። ያለው ግማሽም ወዲያና ወዲህ ይላል። ነገር ያለው ሰው ቀጥ ብሎ ይናገር እላለሁ። ልጄ ደግሞ ነፍሷ ግጥም ነው። ሳህን እያጠበች ታነበንባለች፣ ልብስ እያሰጣች ታነበንባለች።

አንድ ቀን «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አልኳት።

«ግጥም ነው አባ።»

«ሳህኑ ይሰማሻል?»

«ሳህኑ ባይሰማ አንተ ትሰማለህ ብዬ ነው።»

ጋዜጣዬን ገልጬ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ነገሩ የጀመረው ደረጃ ላይ ነው። ከሥራ ገብቼ ደረጃውን ስወጣ ጎረቤቴ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከላይ ሲወርድ ተገናኘን። ገና ሲያየኝ ግድግዳውን ደገፍ ብሎ መሳቅ ጀመረ።

«ሹፌሩ! ልጅህ ጉድ ሠራችህ እኮ!»

«ምን አድርጋ?»

«የወላጅ ስብሰባ ሄጄ በዓይኔ አየሁት። የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ‘አባቴ አይሰማም’ ብላ ለጥፋልሃለች። እኛ ስንት ዓመት ስንነግርህ አልሰማ አልክ፤ ይኸው በጽሑፍ ወጣልህ!»

«አንተ ሰውዬ፣ በልጄ አትቀልድ።»

«እመቤቴን፣ ያነበብኩትን ነው። እኔ ጨመርኩበት? ሂድና እየው።»

አይሰማም የሚባል ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በእኛ ሰፈር ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌ የማይመልሰው፣ ምክር የማይገባው፣ ግትር ሰው ነው። ለወይፈን የሚባል ነገር ነው። ቤተሰቤን በላቤ ያሳደግኩ ሰው በልጄ እጅ እንዲህ ተብዬ ግድግዳ ላይ መለጠፌን ስሰማ ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።

ሰሌዳው ከበሩ ገባ ሲሉ በስተቀኝ ነው። የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ቅዳሜ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ግጥም ሊያቀርብ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ሁሉ የተመረጡት አምስት ተማሪዎች ነበሩ። ሰሌዳው ላይ የአምስቱም ስምና የየግጥማቸው ርዕስ፣ ከሥሩም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ብቻ ተጽፈዋል። ከታች «ቀሪውን ቅዳሜ ኑና ስሙ» ይላል። የልጄ ሦስተኛው ላይ ነበር።

*አባቴ አይሰማም*

*ቤቱ ሲንቀላፋ፣ ሰፈሩ ሲተኛ፣*
*አባቴ አይሰማም፣ ሲወጣ ለእኛ።*

ቆሜ እንደ ልማዴ ድምፅ ሳላወጣ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ርዕሱ ላይ የነደደው ደሜ ስንኞቹ ላይ ባሰበት። ሰፈር ሲተኛ የሚወጣ፣ የልጆቹን ነገር የማይሰማ አባት! መጨረሻ ላይ ያለው «ሲወጣ ለእኛ» የሚለው ትንሽ ጠማማ አማርኛ መሰለኝ። ሲወጣ እኛን አይሰማንም ልትል ፈልጋ ቤት አልመታ ቢላት ነው ብዬ ፈታሁት። ለዚህም ግጥምን ወቀስኩ፤ ሰው ለቤት መምቻ ሲል አማርኛውንም አባቱንም ያጣምማል አልኩ።

በዚያው ንዴት መምህራን ክፍል ገብቼ መምህርቷን አስጠራኋት።

«ልጄ ቅዳሜ አታነብም» አልኳት።

«ለምን ጋሼ? ምነው፣ ችግር አለ?»

«የቤታችንን ነገር አደባባይ እንድታወጣ አልፈቅድም።»

«የሚያኮራ ነገር እኮ ነው የጻፈችው። ግጥሙን አንብበውታል?»

«ማንበብ እችላለሁ ልጄ» አልኳትና ወጣሁ። የሚያኮራ አለች! የዛሬ ዘመን ትምህርት ይኼ ነው፣ አባትን ማዋረድ የሚያኮራ ሆነ እያልኩ አስፋልቱ ጋ እስክደርስ ብቻዬን አጉረመረምኩ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳሎን ተቀምጬ ጠበቅኋት።

«ቅዳሜ የትም አትሄጂም።»

ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «ለምን?»

«የጻፍሽውን አይቻለሁ።»

«አነበብከው?» አለች፤ ፊቷ ወዲያው በራ። ያን ጊዜ ያ ፊት ለምን እንደበራ አልገባኝም። እንዲያውም ድፍረት መሰለኝ።

«አነበብኩት።»

«እና... አልወደድከውም?»

«አባቱን ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ልጅ አላሳደግኩም። በቃ። ለመምህርትሽም ነግሬአታለሁ።»

«ለቲቸር ነገርካት?»

«ነገርኳት አልኩሽ እኮ።»

ትከራከረኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «እሺ» ብቻ አለችና ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ልጆቼን እሺ እንዲሉ ብዬ ነው ያሳደግኳቸው፤ እሺ ማለት ጥሩ ነገር ነው፤ ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ። ያን ቀን የሰማሁት እሺ ግን የመታዘዝ አልነበረም። ነገር የጣለ ሰው እሺ ነበር።

ባለቤቴ ሱቋን ዘግታ ስትገባ ገና አልመሸም ነበር። ልጅቷን አይታ ወደ እኔ መጣች።

«ምን አድርገሃት ነው ዓይኗ ያበጠው?»

«ግጥም ጽፋ ነው።»

«ግጥሙንማ አውቀዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱቅ እየመጣች አይደል እንዴ የምትለማመደው? ብርቱካን የሚገዙት ሰዎች እንኳ በቃላቸው ሊይዙት ምንም አልቀራቸውም። በሰው ፊት ቆማ ስታነብ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የላትም። ምኑ ነው ያናደደህ?»

«አንቺ አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው? አባቴ አይሰማም ስትል?»

ባለቤቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ እያወረደች ነበር፤ እጇ እዚያው ቆመ።

«ምን አልክ? እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ዓይኔ እንዳነበበው፣ ላላ አድርጌ አልኩት። አባቴ የሰው ቃል አይሰማም እንደሚባለው።

መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ በኋላ ሆዷን ይዛ።

«ወላሂ ዛሬ ገደልከኝ!»

«ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«ቆይ። ቆይ አንተ ሰውዬ። ሱቄ መስኮት ላይ በእጅህ የጻፍከው ምንድን ነው?»

«ስንቱን ጽፌልሻለሁ።»

«ቢጫው ካርቶን ላይ ያለው።»

«ካርድ ይሸጣል።»

«ካርዱ ምን ይሸጣል?»

«ካርዱ ምን ሊሸጥ ኖሯል! ራሱ ነዋ የሚሸጠው።»

«እኮ! ለምን ጠበቅ አድርገህ አነበብከው? እንደ ግጥሙ ላላ አድርገህ አንብበዋ! ‘ሸ’ን ለስለስ አድርጋት!» አለችና ራሷ አነበበችልኝ። ‘ልጄ ዳቦ ይሸጣል’ እንደሚባለው ላላ አድርጋ፣ «ካርድ ይሸጣል» አለች። «በአንተ አነባበብ ካርዱ ነጋዴ ሆነ ማለት ነው። እኔ እቤቴ ልተኛ፣ ካርዱ ቁጭ ብሎ ብርቱካኑን ይሽጥልኝ!»

ሳልወድ ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥኩት።

«አሁን የልጅህን ቃል እንደ ካርዱ አንብባት» አለችኝ። «‘ሰ’ን ርገጣት። ፍሬን እንደምትረግጠው ርገጣት። ‘ማ’ንም እንደዚያው። በሆድህ አይደለም፣ በአፍህ!»

በቤቴ ውስጥ፣ በሚስቴ ፊት፣ እንደ ጀማሪ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩ። ‘ሰ’ን ረገጥኳት። ‘ማ’ን ረገጥኳት። ቃሉ አፌ ውስጥ ዞረ። አባቴ አይሰማም፤ ድምፁ አይሰማም፣ ኮቴው አይሰማም። ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ አባቴ ሲወጣ ማንም አይሰማውም። ያ ጠማማ ነው ያልኩት «ሲወጣ ለእኛ» የሚለውም ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የሚወጣው ለእኛ ሲል ነው ማለት ነበር።

አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ዓይኔ ያየው ያንኑ ነው።

ሶፋው ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ባለቤቴም መሳቋን ተወች። እኔ በዚያች ሰዓት የማስበው ስለ መንገድ ሰሌዳዎች ነበር። ይጠገናል፣ ይሸጣል፣ ይታጠባል፣ ይከራያል። ዕድሜዬን ሙሉ እነዚህን ሳነብ የጠበቀውን አጥብቄ፣ የላላውን አላልቼ የማነበው እኔው ራሴ ኖሬአለሁ። ፊደላችን ስንት ነው፣ ይህን ግን አይጽፈውም፤ ለአንባቢው ይተወዋል። አንድ ሰሌዳ አንድ ትርጉም ነው እያልኩ ስኖር ትርጉሙን ግማሽ መንገድ ተሸክሜ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አላወቅሁም እንጂ ሳነብ ኖሬ አላውቅም፤ አብሬ ስጽፍ ነው የኖርኩት።

«ታዲያ ይኼን ለምን ላላ አድርጌ አነበብኩት?» አልኩ። ጥያቄው ለራሴ ነበር።

«የማትሰማ ስለሆንክ ነዋ» አለች ባለቤቴ። «ሁለቱም እውነት ነው። ልጅህ የጻፈችው ግን አንደኛውን ነው።»

ይህን የምጽፈው ልጆች ያሏቸው አባቶች እንዲያነቡት ስለሆነ እውነቱን እናገራለሁ። የሚስቴ መልስ ትክክል ነበር። ክስ የሚጠብቅ ሰው በተጻፈው ሁሉ ውስጥ ክስ ያነባል። ጎረቤቴም ያነበበው እንደ እኔው ነው፤ እሱ ግን የሚስቅበት ፈልጎ ነበር፤ አገኘ። ልጄ ምን እንዳለች ለማወቅ የፈለገ ሰው ከሁለታችን አንድም አልነበረም።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ለልጅ መናገር አልለመድኩም። ተነሥቼ በሯን አንኳኳሁ።

«ቅዳሜ ትሄጃለሽ» አልኳት በበሩ በኩል።

«አልችልም አባ። ቲቸር ደውላልኛለች። ቦታዬን ለሌላ ሰጥታዋለች። አንተ ነህ አታነብም ያልከው።»

«ለማን ሰጠችው?»

«ከታች ላለችው።»

የጎረቤቴ ልጅ ማለቷ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ታችኛው ፎቅ ነው። ጎረቤቴ በሩን ሲከፍት ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ልጄ ቦታውን ትልቀቅ ልትለኝ ከሆነ የመጣኸው፣ አታስጀምረኝ። ሌሊቱን ስታጠና ነው ያደረችው።»

«ትልቀቅ አልልም። የተሰጣትን ማንም አይወስድባትም። እኔ የመጣሁት ማንበብ ላስተምርህ ነው።»

«አንተ? እኔን?»

«ያን ‘አይሰማም’ ያልከኝን እስቲ አንብበው። ‘ሰ’ን ርገጣት።»

«የምን መርገጥ ነው?»

ሁለት ሽበታም ሰዎች ደረጃ ላይ ቆመን አንዲት ቃል ወዲያና ወዲህ አልን። ከላይ አንዲት ሴት በሯን ከፍታ አየችንና ዘጋች። ጎረቤቴ ሦስት አራት ጊዜ ከሞከረ በኋላ ድንገት ቆመ።

«እንዴ!» አለ። «እንዴ! የማይሰማው ኮቴህ ነው?»

«እሱ ነው።»

«እኔ እኮ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛም ነግሬዋለሁ፤ አብረን ነው የሳቅነው።» ራሱን ያዘ። «ቅዳሜ ተረኛ ነኝ። ግዴለም፣ ሰው ተክቼ እመጣለሁ።»

መምህርቷ ዘንድ ስደርስ ትናንት ለልጄ የተናገርኩትን ሁሉ ሳላስቀር ነገርኳት፤ እንዴት እንዳነበብኩትም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። «ጥፋቱ የእኔም ነው ጋሼ» አለች። «ሁለት ስንኝ ቆርጬ መለጠፍ አልነበረብኝም። ስንቱ እንዲያ አንብቦት ይሆን?»

«እንግዲህ ስድስተኛ አድርጊያት» አልኳት።

«ፕሮግራሙ ታትሞ አልቋል። አዳራሹንም የፈቀዱልን እስከ ስድስት ሰዓት ነው።» ትንሽ አሰበች። «መጨረሻ ላይ ላስገባት እችላለሁ። የአዳራሹን ጠባቂ አስቸግራለሁ። ግን አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ። እርስዎ መቅረት አይችሉም።»

ቅዳሜ ወደ ሐዋሳ የምወስደው ጭነት ነበረኝ። የመኪናው ባለቤት ደግሞ ሰበብ የሚወድ ሰው አይደለም። ስደውልለት «ማን ሞተ?» አለኝ። ማንም አልሞተም፣ ልጄ ግጥም ልታነብ ነው አልኩት። «ግጥም?» አለ። «ግጥም» አልኩ። ጭነቱን ለሌላ ሹፌር ሰጠው።

አዳራሹ ከፊቱ በተማሪ፣ ከኋላ በወላጅ ሞልቶ ነበር። እኔ፣ ባለቤቴና ጎረቤቴ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከአምስቱ ሁለቱን ግጥሞች አልወደድኳቸውም፤ አንዱ ደግሞ ጨርሶ አልገባኝም፤ ገባኝ ብዬ አልዋሽም። የጎረቤቴ ልጅ ግን ስለ እስረኛ ጠያቂዎች ሰልፍ አነበበች። ሳህን በፌስታል ይዘው ፀሐይ ላይ ስለሚቆሙት እናቶች ነበር። አባቷ በየቀኑ ያን ሰልፍ የሚያስተናግድ ሰው ነው። አጠገቤ ሆኖ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት፤ ዞሬ አላየሁትም። ለሰው እንዲህ ዓይነት ሰዓት ሲመጣበት አለማየት ጨዋነት ነው።

ፕሮግራሙ አልቆ ሰው መነሣት ሲጀምር የአዳራሹ ጠባቂ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በር ላይ ቆሞ ነበር። መምህርቷ እጇን አነሣች፤ አንድ ቀርቷል አለች። ልጄ ወረቀት ሳትይዝ ወጣች። የትምህርት ቤቱን ሹራብ እጅጌ እስከ ጣቷ ስባው ነበር። ርዕሱን ስትናገር ‘ሰ’ን ረገጠቻት፤ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ።

*ቤቱ ሲንቀላፋ፣ ሰፈሩ ሲተኛ፣*
*አባቴ አይሰማም፣ ሲወጣ ለእኛ።*
*ጫማው እጁ ላይ ነው፣ እግሩ ደረጃ ላይ፣*
*እናቴም ሳታውቀው፣ ጎረቤትም ሳያይ።*
*እኔ ግን ነቅቼ፣ እስትንፋሴን ይዤ፣*
*አብሬው እሄዳለሁ፣ ጫማውን አግዤ።*

ይኸው ነው። ስድስት ስንኝ ነው፤ ከሱ በላይ የለም።

የኮንዶሚኒየም ደረጃ ባዶ በርሜል ነው፤ የሥራ ጫማ ሲረግጠው ከላይ እስከ ታች ይጮኻል። ጭነት ባለብኝ ቀን ከሱብሂ ሰላት በፊት ነው የምወጣው። ቤተሰቤና ጎረቤት እንዳይረበሹ ብዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ በካልሲ እወርዳለሁ፤ የምጫማውም የታችኛው በር ጋ ስደርስ ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የሚነገር ነገር ነው ብዬም አስቤ አላውቅም። ያን ያህል ዓመት ብቻዬን የወረድኩ መስሎኝ ነበር።

ሰው አጨበጨበ። ልጄ ከመድረኩ ወርዳ በወንበሮቹ መሃል ወደ እኛ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«ሰማኸው አባ?»

«ሰማሁት» አልኳት። «አንድ ጊዜ ድገሚልኝ።»

ጠባቂው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ፣ እዚያው ለእኔ ብቻ ደገመችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ግጥም አነባለሁ። ጭነት ለማራገፍ ወረፋ ስጠብቅ ጋቢና ውስጥ ሆኜ ነው የማነበው፤ ጮክ ብዬ፣ እያንዳንዷን ቃል አጥብቄም አላልቼም እየሞከርኩ። ሌሎቹ ሹፌሮች በስልክ የምጣላ እየመሰላቸው «ተወው፣ በቃ ተወው፣ ይቅር በለው» ይሉኛል በመስኮት። አብዛኛውን ግጥም ዛሬም አልወድም። ብዙው ባዶ ነው፤ ብዙው ከሰው ለመራቅ የተጻፈ ነው። ግን አሁን አልወደውም የምለው በአፌ ካነበብኩት በኋላ ነው። ለልጆችም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ባልሰማችሁት ነገር ላይ አትፍረዱ። ይህን ስናገር ባለቤቴ እያየችኝ ፈገግ ትላለች፤ ትበል።

የዚያን ዕለት ከአዳራሹ ወጥተን መምህርቷንም ጨምረን ኬክ ቤት ገባን። ባለቤቴ ነጋዴ ናትና ነገሩ ስንት እንደፈጀ ሳታሰላ አልተነሣችም። እኔ የሐዋሳው ጉዞ ከነአበሉ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር ቀርቶብኛል። እሷ ቅዳሜን የሚያህል የጠያቂ ቀን ሱቋን ዘግታ ዘጠኝ መቶ። ጎረቤቴ ለተካው ጓደኛው ምሳ ሁለት መቶ ሃምሳ። መምህርቷ የልጄ ስም ያለበትን ፕሮግራም ከኪሷ እንደገና ስታሳትም አንድ መቶ ሰማንያ ከፍላለች፤ ልንመልስላት ብንል እምቢ አለች። ለአዳራሹ ጠባቂ ሁለት መቶ ሰጠሁት። የሁላችን ታክሲ አንድ መቶ ሃምሳ ሆነ። ኬኩና ጭማቂው ስምንት መቶ ሰባ መጣ፤ እሱን ጎረቤቴ ካልከፈልኩ ብሎ ከአስተናጋጇ ጋር ታገለና ከፈለ። ስድስት ስንኝ ለመስማት በጠቅላላው ስድስት ሺህ ሃምሳ ብር።